የላሊበላ ሴቶችና የእንግዳ ገንዘብ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በማኅበሩ ሒሳብ ሠራተኛ የቀረበ ንግግር)



እኔ እዚህ ስቆም የማነበው ገቢና ወጪ ስለሆነ ገና ስነሳ ከኋላ ማዛጋት እንደተጀመረ አይቻለሁ። አይዟችሁ፣ የዓመቱ ሒሳብ የሚቀርበው ከምሳ በኋላ ነው። አሁን የማወራው ስለ ላሊበላ ነው።

ምክንያቱን ልናገር። ባለፈው ስብሰባ ዘጠኝ አባሎቻችን አንድ ሐሳብ አቅርበው ነበር። ለንግሥ ወደ ሳይንት ተድባበ ማርያም ለሚሻገሩ ምዕመናን፣ የቦረና ሳይንትን ፓርክ ሊያዩ ለሚመጡ እንግዶች መካነ ሰላም ላይ ማረፊያና ምግብ ቤት እንክፈት፣ መነሻውንም ማኅበሩ ከቁጠባችን ያበድረን የሚል ነው። ሐሳቡ ሲቀርብ ጭብጨባው ከፍ ያለ ነበር። አንዲት እህታችን ተነስታ «ላሊበላን አታዩም? ከተማው በሙሉ የሚኖረው በእንግዳ አይደለም ወይ?» ስትል ደግሞ ጭብጨባው ባሰ። የብድር ኮሚቴው «አንቺ ላሊበላን ታውቂዋለሽ፣ በሒሳብ ዓይን አይተሽ ንገሪን» አለኝ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። መጀመሪያ በ2011 ዓ.ም. ለገና ከእናቴ ጋር፣ ሁለተኛ ባለፈው በጋ። በሁለተኛው ጊዜ ደብተር ይዤ ነው የሄድኩት።

ላሊበላን ያላያችሁ ስላላችሁ በአጭሩ ላስረዳ። በሰሜን ወሎ፣ በላስታ ተራራ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የጥንት ስሟ ሮሃ ነው። ከ800 ዓመት በፊት በዛጉዌ ነገሥታት ዘመን ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሏት። ሥራው የተጀመረው እንደ ቤት ከመሠረት ሳይሆን ከጣራ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረበው። ቤተ መድኃኔ ዓለም ብቻ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል። የፖርቱጋሉ ቄስ አልቫሬዝ በአፄ ልብነ ድንግል ጊዜ አይቷቸው ከጻፈ በኋላ ሰው አያምነኝም ብሎ መጻፉን እስከ ማቆም ደርሷል። በፈረንጆች 1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች አንዱ ነው። ሙስሊም እህቶቼ ትዕግሥት ይኑራችሁ፣ የእናንተንም እንጀራ የሚመለከት ነገር ወደፊት አለ።

ብዙ ሰው ስለ ላሊበላ ሲናገር ድንጋዩን ያወራና ያቆማል። እኔ የማወራው በድንጋዩ ዙሪያ ስላለው ሰው ነው። ከተማው ከቅርሱ ራቅ ብሎ የተቆረቆረ አይደለም፤ ከቅርሱ ላይ ነው ያለው። አብያተ ክርስቲያናቱ ጉድጓድ ውስጥ ናቸው፣ የጉድጓዱ ከንፈር ላይ ደግሞ ሰው ይኖር ነበር። ቀይ ድንጋይ ተጠርቦ የተሠሩ፣ ከላይም ከታችም ክፍል ያላቸው፣ ክዳናቸው ሳር የሆነ ክብ ቤቶች ነበሩ። ዩኔስኮ ራሱ የላስታ ጎጆ ብሎ በስማቸው ይጠራቸዋል። ቄሱ ከቅዳሴ ወጥቶ እቤቱ ለመድረስ መቶ እርምጃ አይሄድም ነበር። ሚስቱም ጠላዋን ጠምቃ ደጃፏ ላይ ጣሳ ከሰቀለች ገበያ መውጣት አያስፈልጋትም፤ መንገደኛው ራሱ ይመጣል።

ይህ ነገር በኋላ ችግር ሆነ። የላሊበላ ድንጋይ ለመጥረብ የተመቸ እንደሆነው ሁሉ ውሃም ይጠጣል። የዝናቡ አንሶ የቤቱ እጣቢ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ ርጥበት፣ የከብቱ ሽንት ይጨመርበታል። ስለዚህ በዙሪያው ያለው ሰው ይነሳ ተባለ። በዓለም ባንክ ገንዘብ የተካሄደ የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ነበር፤ በፈረንጆች 2009 ተጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የቆየ። በዚያ ጊዜ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ነዋሪዎች ወጣ ብሎ ወደ ተዘጋጀ አዲስ ሰፈር ሄዱ። ከድሮዎቹ ክብ ቤቶች የተወሰኑት ሰው ሳይኖርባቸው በቅርስነት ቆመዋል።

መነሳታቸው ትክክል አልነበረም ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ድንጋዩ ቢፈርስ ለማንም አይተርፍም። እኔን የያዘኝ የካሳው አቆጣጠር ነው። በዚያ ጊዜ በአገራችን ይሠራበት የነበረው የ1997ቱ የካሳ አዋጅ፣ ቁጥር 455 ማለት ነው፣ የቤት ካሳን የሚያሰላው ያንን ቤት መልሶ ለመሥራት በሚያስፈልገው ወጪ ነበር። ድንጋዩ ይቆጠራል፣ እንጨቱ ይቆጠራል፣ በሩና መስኮቱ ይቆጠራል። በበሩ ፊት የሚያልፈው መንገደኛ ግን የሚጻፍበት ዓምድ የለውም። አንዲት ጠላ ሻጭ ያገኘኋት ነገሩን ከእኔ በተሻለ ነው የገለጸችው። «ቤቴን ከፈሉኝ፣ ደጄን ማን ይክፈለኝ?» ነው ያለችኝ። አዲሱ ቤቷ ቆርቆሮ ነው፣ አይፈስም፣ ከአሮጌው ይሰፋል። ግን እዚያ ሰፈር እንግዳ ምን ሊሠራ ይመጣል? አሁን ጠላዋን በጀሪካን ተሸክማ ወደ ገበያው ትወርዳለች። የትከሻዋን ህመም ሒሳብ ውስጥ የማስገባበት ዘዴ አላገኘሁለትም።

አዲሱ የካሳ አዋጅ፣ 1161/2011 የሚባለው፣ የኢኮኖሚ ጉዳትንና የማኅበራዊ ትስስር መቋረጥን ለመቁጠር ይሞክራል። ይህን የማነሳው መንገድ ሲሰፋ ወይም ከተማው ሲከለስ እዚህም የሚነሳ ሰው ስለሚኖር ነው። አንዲት አባላችን ተነሽ ብትባል ግምቱ ላይ ከመፈረሟ በፊት ወደ እኔ ትምጣ። በየቀኑ የሸጠችውን የምትጽፍ ከሆነ ለመከራከር መነሻ ይኖረናል፤ ካልጻፈች ቃሏ ብቻ ነው የሚኖራት። ደብተር ያዙ እያልኩ የማሰለቻችሁ አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር የደረሰው በላስታ ብቻ አይደለም። በግሪክ አገር ዴልፊ የሚባል የጥንት ቤተ ጣዖት ነበር። ካስትሪ የምትባል የገበሬ መንደር ልክ በላዩ ላይ ተሠርታ ለብዙ ዘመን ኖራለች። በፈረንጆች 1892 የፈረንሳይ ቆፋሪዎች ሥራ ሲጀምሩ መንደሯን በሙሉ አንስተው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ፈቀቅ አደረጓት። የመንደሩ ሰዎች ገንዘባችን ሳይደርሰን አትቆፍሩም ብለው ሥራውን አውከው ነበር። ዛሬ ያቺ የተነሳች መንደር ሆቴልና ምግብ ቤት ሆና ከጎብኚ ትኖራለች።

በዚያው አገር በባሕር ዳር ያለች ኤሬትሪያ የምትባል ትንሽ ከተማ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነች። (ስሟ ከጎረቤታችን ከኤርትራ ጋር ይመሳሰላል እንጂ አይገናኝም፤ የኤርትራ ስም በግሪክኛ ከቀይ ባሕር የመጣ ነው፣ የዚያችኛዋ ግን ከቀዘፋ።) የጥንቷን ከተማ ፋርሶች ከክርስቶስ ልደት በፊት በ490 አጠፏት። በኋላም ብትነሳ ዞሮ ዞሮ ባዶ ቀረች። በፈረንጆች 1824 ፕሳራ የምትባለው ደሴት በቱርኮች ስትወድም ግን የተረፉት ስደተኞች በጊዜ ብዛት እዚያ ቦታ ላይ እንዲሰፍሩ ተደረገ። ለእነርሱ አዲስ ከተማ ሲቀየስ ከጥንቱ ከተማ ላይ ነው የተቀየሰው። ስለዚህ እዚያ ቤት ልሥራ የሚል ሰው መሬቱ መጀመሪያ በአጥኚዎች ይቆፈራል፤ ከፈረንጆች 1964 ጀምሮም የስዊዘርላንድ ሰዎች እየቆፈሩ ነው። ከኩሽናው ሥር የሁለት ሺህ ዓመት የቤት ወለል ቢወጣ ባለቤቱ ይጠብቃል። ስደተኞቹ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ሆነው ነው ያንን ሁሉ ዓመት የኖሩት፤ ጎብኚ የመጣው በኋላ ነው። ይህቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የእኛም ሕግ ሩቅ አይደለም። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ የጥንት ነገር ያገኘ ሰው እንዲያመለክት ያዛል፤ በተከለለ የቅርስ ቦታ ላይም ያለ ፈቃድ ግንባታ አይካሄድም። ዘጠኙ እህቶች ማረፊያውን የትም ይሥሩት የት፣ ከቦታ ኪራይ ውል በፊት ይህን ማጣራት የኮሚቴው ሥራ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ላሊበላ ላይ ሳለሁ ለራሴ የሰጠሁት የቤት ሥራ አንድ ጎብኚ የሚያወጣውን ብር መከተል ነበር። የውጭ አገር ጎብኚ የመግቢያ ዋጋው ለዓመታት 50 ዶላር ነበር። እሱ የቤተ ክርስቲያኗ ነው፣ ይገባታልም፤ ድንጋዩን የጠበቁት ካህናቱ ናቸው። ከዚያ የአውሮፕላን ቲኬት አለ። የሆቴል አልጋ አለ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማው ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ የመኪና አለ። አስጎብኚ አለ፣ ወደ ተራራው ገዳማት ለሚወጣ በቅሎ አለ። አስጎብኚውም፣ ሾፌሩም፣ በቅሎ ጎታቹም ወንድ ነው። ሴቷን ፈልጌ ያገኘኋት ሁሉም ካለፈ በኋላ ነው። የሆቴሉን አንሶላ ታጥባለች፣ እንጀራ ጋግራ ለሆቴሉ ታስረክባለች፣ ጠላና ጠጅ ትሸጣለች፣ ስፌት ትሰፋለች፣ ትፈትላለች። የፈተለችውን ደግሞ ሸማኔው ይሠራዋል፣ ነጋዴው ይሸጠዋል። ብሩ እሷ ጋ ሲደርስ ብዙ እጅ አልፎ፣ ተሸርፎ ነው።

ሴቶቹ የሚያስገቡትን በወር በወር ንገሩኝ እያልኩ ጠየቅሁ። ብር በብር አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠበቅሁም። ወሮቹን ግን አንዷም አልተሳሳተችም። ከመስከረም በኋላ ይጀምራል። ታኅሣሥና ጥር ጫፍ ነው፤ ገናና ጥምቀት። ለገና ምዕመኑ ከየአገሩ በእግሩ ይመጣል። የከተማው ሰው እግሩን አጥቦ ነው የሚቀበለው፣ ቤቱንም ይለቅለታል። ስለዚህ ያ ሁሉ ሕዝብ ሲመጣ ገቢ ብቻ አይደለም የሚመጣው፣ ወጪም ነው። ይህን እናቴ ጋር በሄድኩ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። ያሳደሩን ሴትዮ አንድ ሳንቲም አልቀበልም ብለው እናቴ በግድ ቡናና ስኳር ገዝታ ነው የተለያየነው። እህቶቼ፣ ለንግሥ የሚመጣ ምዕመን ደረቅ እንጀራና ቆሎ በአገልግሉ ይዞ የሚመጣ ሰው ነው። ግሸን ወጥታችሁ የምታውቁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ስንት ጊዜ ሆቴል አድራችኋል? ምዕመንን እንደ ጎብኚ የቆጠረ ዕቅድ ከመጀመሪያው ገጽ ስህተት አለበት። ከፋሲካ በኋላ ቀዝቀዝ ይላል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ድርቅ ነው። «በክረምት ምን ትሠሩ ነበር?» ብዬ ስጠይቅ «የሰበሰብነውን እንበላ ነበር» ነው መልሱ።

ይህ እንግዲህ ደጉን ጊዜ ነው። ክፉውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ወሎ ነን። በ2012 መጋቢት ኮሮና መጣና የውጭ እንግዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቆመ። ገና ከዚያ ሳያገግሙ በ2013 ሐምሌ መጨረሻ ከተማዋ በጦርነቱ ተያዘች። እስከ 2014 ታኅሣሥ ድረስ እጅ ስትለዋወጥ ቆየች። ከዚያ በኋላም ለብዙ ወራት መብራት አልነበረም። መብራት የለም ማለት ወፍጮ የለም ማለት ነው፤ ሴቶቹ ወደ ድንጋይ ወፍጮ ተመለሱ። ትንሽ ቀና ሲሉ በ2015 መጨረሻ በክልላችን እንደገና ግጭት ተነሳ፣ በ2016 ጥቅምት መጨረሻ ላይ እዚያው ከተማ ውስጥ ተኩስ ነበር። አምስት ዓመት አይሞላም ሦስት ጊዜ ማለት ነው። ድንጋዩ በቦታው አለ፤ ከተማው የሚኖርበት መንገደኛ ነው የጠፋው።

እኔ የሄድኩበት ዋና ጥያቄ እዚህ ላይ ነበር። ማን ወደቀ፣ ማን ቆመ? ያነጋገርኳቸው 14 ሴቶች ናቸው። ጥናት አትበሉት፣ ወሬ ጠየቅሁ በሉት። ደብተሬን ገልጬ ሳየው ግን የከፈላቸው ነገር ግልጽ ነው። ለእንግዳ ብቻ ይሸጡ የነበሩት፣ በተለይ ለሆቴል ብቻ እንጀራ የሚያስረክቡትና ለጎብኚ ብቻ ስፌት የሚሰፉት፣ መጀመሪያ ወርቃቸውን ሸጡ፣ ቀጥሎ ምጣዳቸውንና ድስታቸውን። ከእነርሱ ሁለቱ ለማረፊያ ክፍል ማሠሪያ ተበድረው ነበር። ክፍሉ ተሠርቷል፣ ያምራል፣ አልጋው ላይ የተቀመጠው ግን በቆሎ ነው። ብድሩ ወለድ ወልዶ ዛሬም አለ። አንደኛዋ ዋስ የሆነቻት እህቷ ጋር አይነጋገሩም። የብድር ኮሚቴ አባላት ይህችን መስመር እንድታሰምሩባት እፈልጋለሁ።

የቆሙት ደግሞ ማናቸው? ቅዳሜ ገበያ ለሚወጣው ለላስታ ገበሬ ጠላ የምትሸጠዋ። ለመምህራንና ለጤና ጣቢያ ሠራተኞች በወር ክፍያ ምግብ የምታበስለዋ። ሽሮና በርበሬ አዘጋጅታ በጉልት የምትቸረችረዋ፤ ይህቺ እንዲያውም ሙስሊም ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራትም፣ ግን ሆቴሎቹ በርበሬ የሚገዙት ከእሷ ነበር። ሆቴሎቹ ሲዘጉ ገቢዋ ቀነሰ፣ ግን አልቆመም፤ ጎረቤት በርበሬ መብላት አያቆምም። እነዚህም ተጎድተዋል፤ አንዲቷ ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ነበር። ግን ምጣዳቸውን አልሸጡም። እንግዳ ሲመጣ ለእንግዳ የሚሸጡት ያንኑ ለጎረቤት የሚሸጡትን ነበር። የኤሬትሪያን ዓሣ አጥማጆች ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። መጀመሪያ የራሳቸው ሥራ ነበራቸው፣ እንግዳው በላዩ ላይ ተጨመረ።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር ልበል፤ እንደ ቅሬታ አትዩብኝ። በላሊበላ አምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ የብረት መጠለያ ቆሟል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠራ ነው፣ ከዝናብ ለማዳን፣ ለጊዜው ተብሎ። ቆይቶ ግን ያው እዚያ ነው። በ2011 መስከረም የከተማው ሕዝብ ይህ ብረት ይወድቅብናል ብሎ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ራሳቸው መጥተው እናግዛለን አሉ። መጠለያው መጥፎ ነው ጥሩ ነው ለማለት ዕውቀቱ የለኝም። በሒሳብ በኩል ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ለሚሠራ ነገር ገንዘብ ማግኘት ይቀላል፣ ፎቶ አለው፣ ምርቃት አለው። ለተሠራው ነገር መጠበቂያ በየዓመቱ ገንዘብ ማግኘት ግን እጅግ ከባድ ነው። እናንተም ለዘጠኙ እህቶች ሕንፃ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆናችሁን ሰምተናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሕንፃውን ተዉትና ያንኑ ገንዘብ ክፉ ጊዜ ሲመጣ ብድሩን ለስድስት ወር ለሚሸከም መጠባበቂያ ብታደርጉልን ለእኛ ይበልጣል። ለምረቃ የሚቆረጥ ሪባን እንደሌለው አውቃለሁ።

ስለዚህ ወደ ዘጠኙ እህቶች ዕቅድ። ዕቅዱን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። በጥንቃቄ ተሠርቷል፣ በተለይ የዕቃ ዝርዝሩ። የማልስማማበት ሦስት ቦታ ነው።

የገቢው ገጽ ዓመቱን በሙሉ ስምንት አልጋ እንደሚያዝ ይገምታል። የላሊበላን ያህል ስም ያለው ከተማ እንኳ ክረምቱን ባዶ ነው የሚያሳልፈው። የእኛን የሐምሌ መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ጭቃው አይሱዙ ይውጣል። እኔ ይህን ገጽ እንደገና ሠርቼዋለሁ። እንግዳ ምንም ባይመጣ፣ ለመምህራን፣ ለሾፌሮች፣ ለገበያ ሰው ምሳ ብቻ ቢሸጥ ኪራዩንና የወሩን ክፍያ ይችላል ወይ? በአልጋ ከተጀመረ አይችልም። በምግቡ ከተጀመረና ቤቱ ከገበያው ጎን ከሆነ ይችላል፣ በትንሹ።

ሁለተኛ፣ ዕቅዱ ብድሩን በአንድ ጊዜ ነው የሚጠይቀው። እኔ የምለው በሁለት ይከፈል። መጀመሪያ ለምግብ ቤቱ፤ ምጣድ፣ ድስት፣ ወንበር፣ የሦስት ወር ኪራይ። አልጋው አንድ ሙሉ ክረምት ካለፈ በኋላ ይምጣ፣ ምግብ ቤቱ ክረምቱን ራሱን ችሎ ካለፈ። አከፋፈሉም በየወሩ እኩል መሆኑ ይቅር፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከፍ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ዝቅ ይበል። ገበሬ በነሐሴ ብር የለውም፤ የእኛም ደንበኛ ያው ገበሬ ነው።

ሦስተኛው ዋስትናው ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ አልለቅም። ዕቅዱ ዘጠኙ እርስ በርስ ዋስ ይሁኑ ይላል። ዘጠኙም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። ሥራው ሲወድቅ ዘጠኙም በአንድ ቀን ነው የሚወድቁት፤ ማን ለማን ዋስ ሊሆን? ከዘጠኙ ውጭ የሆነ ዋስ ይፈለግ፣ ወይም እያንዳንዷ ከራሷ ሌላ ገቢ ያላት መሆኑ ይረጋገጥ። በግ የምታደልብ አለች፣ ሽንኩርት የምታጠጣ አለች፤ ያንን እንዳይተዉት በውሉ ይጻፍ። የላሊበላዋን እህት የጣላት ክፍል መሥራቷ አልነበረም፤ ክፍሉን ስትሠራ ጠላውን ትታዋለች።

አንዲት የኮሚቴ አባል ይህን ስነግራት «ልጄ፣ እንዲህ ከተፈራማ ምንም አይሠራም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሒሳብ ሠራተኛ ፈሪ ነው፣ ለዚህ ነው ደሞዝ የምትከፍሉት። ግን በቁጠባ ሣጥናችን ያለው ብር ከእናንተ ከእያንዳንዳችሁ ጉያ የወጣ ነው። የእንቁላል ነው፣ የጌሾ ነው። የአንዷ ደግሞ የልጇ የማጭድ ደሞዝ ነው፣ ራሷ ነግራኛለች። ዘጠኙ እህቶች ይህን ከእኔ አስበልጠው ያውቁታል። እንዲሳካላቸውም እፈልጋለሁ፤ ከተከፈተ የመጀመሪያዋ የወር ተመጋቢ እኔ ነኝ፣ ሽሮዬ ቅቤ ይብዛበት ብቻ።

አሁን በየወንበራችሁ ላይ አንድ ወረቀት አለ። በግራ በኩል የዘጠኙ እህቶች ዕቅድ ነው፣ በቀኝ በኩል እኔ ያስተካከልኩት። ከሻይ በኋላ እነርሱ መልሳቸውን ይሰጣሉ፣ ጥያቄም ይቀበላሉ። ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ እጅ በማውጣት ሳይሆን ባቄላና አተር በማሰሮ ውስጥ በመጨመር። ባቄላው ለግራው፣ አተሩ ለቀኙ፤ ሁለቱንም የማትፈልግ ባዶ እጇን ታሳልፍ። ማንበብ የማትችል እናት ካለች አጠገቧ ያለችው ሁለቱንም በኩል ታንብብላት፣ የምትደግፈውን ብቻ አይደለም።